ጣሪያ ያጣው ገዳም

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ዕረፍት አግኝቼ በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ገጠር ውስጥ ያለውን የፋውንቴንስ ገዳም ፍርስራሽ አይቼ መጣሁ። ቀኑን ሙሉ በሐሳቤ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ዕድሜውን ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው ሊያየው የሚገባ ሥራ ነው፤ እኔ ብቻዬን ማየቴ ቆጨኝ።

ገዳሙን በፈረንጆቹ 1132 የመሠረቱት፣ በዮርክ ገዳማቸው ሥርዓቱ ላላ ብለው የወጡ 13 መነኮሳት ናቸው። ስኬል በሚባል ትንሽ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ከጊዜ በኋላ በበግ ሱፍ ንግድ እጅግ ባለጸጋ ሆነ። በ1539 ግን በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ተዘጋ፤ መነኮሳቱ ተበተኑ፣ ጣሪያው የተሸፈነበት የእርሳስ ብረት ተገፍፎ ተወሰደ። እርሳሱ ሲነሳ ዝናብ ገባ፤ ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ሣር ነው። ይባስ ብሎ፣ ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ አንድ ባለጸጋ ከገዳሙ ድንጋይ እየወሰደ አጠገቡ ትልቅ ቤት ሠራበት። አባባ፣ ይህን ሳነብ በእውነት ተናደድኩ። ስንት ሰው የደከመበት ጥርብ ድንጋይ!

በምዕራብ በኩል ያለው ዕቃ ቤት ግን ጣሪያው እስካሁን አለ። ርዝመቱ ከ90 ሜትር ይበልጣል፤ ጨለም ያለና ቀዝቃዛ ነው። በመሐሉ አንድ ረድፍ ዓምድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። ዓምዶቹ ጉልላት የላቸውም፤ ቅስቶቹ ከራሱ ከዓምዱ ወጥተው እንደ ዘንባባ ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ። ቅስት ከዓምድ የት ላይ እንደሚለይ በዓይኔ ብከተልም መለየት አቃተኝ። እንዴት አድርገው አገጣጠሙት? እርስዎ ቢያዩት ወዲያው ይነግሩኝ ነበር።

ከዚያ ወጥቼ ግድግዳውን በእጄ ስዳብስ፣ መሮው የሄደበት ሰያፍ መስመር ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ከአንዱ ድንጋይ ላይ ደግሞ የጠራቢው ምልክት አለ፤ ሁለት ጭረቶች ተሻግረው፣ ከአውራ ጣቴ አይበልጡም። የሠራው እንዲቆጠርለት ያደረገው ነው ይላሉ። እርስዎም ከድንጋዩ ጀርባ በመሮ ጫፍ የሚያኖሯት ጭረት ትዝ አለችኝና እንባዬ መጣ። የአበምኔቶቹ ስም ተጽፎ ቀርቷል፤ የዚህ ሰው ስም ግን ያቺው ጭረት ናት።

ፎቶግራፉን ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ። ምልክቷ በስተግራ፣ ከጠርዙ ዝቅ ብላ ናት፤ መነጽርዎን አድርገው ይፈልጓት። ስለ ቅስቱም የሚያስቡትን ይጻፉልኝ።

ናፋቂ ልጅዎ