ገንፎው ይቆየኝ፣ ውኃ ቅዱልኝ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፤

የሴቶች ገጻችሁን ሁልጊዜ ነው የማነበው። ስለዚህ ይህን እንደ ቤተሰብ ወቀሳ ቁጠሩልኝ። የመጀመሪያ ልጅ ለሚጠብቁ እናቶች ብላችሁ ያወጣችሁትን አየሁት። የሕፃኑ ክፍል ቀለም፣ የሕፃኑ አልጋ፣ የመጋረጃው ዓይነት። ቆንጆ ነው፣ አልጠላሁትም። ግን እኔ ደብረ ማርቆስ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው። ማድ ቤቱ ውጭ ነው፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ለሕፃኑ የሚሆን ትርፍ ክፍል ቢኖረኝ መጀመሪያ እኔ እተኛበት ነበር።

ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ የመጀመሪያዬ ነው፣ እግዚአብሔር ካለ መስከረም ላይ ይጠበቃል። የግል ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፣ ባለቤቴ ጋራዥ ይሠራል። የምጽፍላችሁ አንድ ነገር አልዋጥ ብሎኝ ነው። እኛ አገር ለአራስ የሚደረገውን ያህል ደግነት የትም ያለ አይመስለኝም። ለነፍሰ ጡሯ ግን "አይዞሽ፣ በርች" ከማለት ያለፈ ነገር እምብዛም የለንም።

የአራስ ቤቱ ዝግጅት ከአሁኑ ተጧጡፏል። እናቴ ከቢቸና በኩል ገብስ ልካለች፤ ተፈትጎ፣ ታምሶ፣ ለገንፎ ብቻ ተብሎ የተለየ ነው። ቅቤው ተነጥሮ በጣሳ ተቀምጧል። ማሩም አለ። አማቴ ደግሞ ሐሳባቸው ክርስትናው ላይ ነው። "ወንድ ቢሆን በ40፣ ሴት ብትሆን በ80 ቀን ነው፣ ገና ብዙ ጊዜ አለን" ይላሉ፤ ጊዜ አለን እያሉ ግን የጠላውን ብቅል አብቅለው፣ አስጥተው ጨርሰዋል። የግቢው ሴቶችም ማን እንደምታገነፋ፣ ማን ቡና እንደምታፈላ፣ ማን ልብሴን እንደምታጥብ ሳይቀር ተከፋፍለዋል። ሲያወሩ ስሰማ እንባዬ ይመጣል፣ በእውነት።

ይኼ ሁሉ የሚጀምረው ግን ከወለድኩ በኋላ ነው። አሁን ውኃ ቀጂዋም፣ ጋጋሪዋም፣ አጣቢዋም እኔው ነኝ። የግቢያችንን ትልቅ እናት "እማማ፣ ገንፎው ይቆየኝና አሁን ውኃ ብትቀዱልኝስ?" ብያቸው በሳቅ ሞቱ። "አንች ልጅ፣ እኛ እኮ ከወፍጮ ስንመለስ ነው የወለድነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ይህን የሚነግሩን ወልደው የተነሱት ናቸው። ያልተነሱት ምን ይሉ እንደነበር ማን ይጠይቅልን?

እስቲ ስለ ማድ ቤቱ ልንገራችሁ፣ የእናንተ ገጽ አንድም ቀን ማድ ቤት ገብቶ ስለማያውቅ። ሐምሌ ነው። እንጨቱ ርጥብ ነው፣ የባሕር ዛፉ ቅጠልም ጭራሮውም ዝናብ ጠጥቷል። የመብራት ምጣድ አለኝ፤ መብራቱ ግን ልክ እኔ ሊጥ ያቦካሁ ቀን ጠብቆ የሚጠፋ ነው የሚመስለኝ፣ ኩፍ ያለ ሊጥ ደግሞ ነገ አይልም። ስለዚህ ወደ ጉልቻው። ምጣዱ መሬት ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ አስሳለሁ፣ ጎንበስ ብዬ ሊጡን አዞራለሁ፣ አክንባሎውን እደፋለሁ፣ እሳቱ ይዳከማል፣ ደግሞ ጎንበስ ብዬ እፍ እላለሁ። እፍ ሲሉት ጭሱ በቀጥታ ፊት ላይ ነው። ሆዴና ጉልበቴ ቦታ ይሻማሉ። እንጀራውን በሰፌድ አውጥቼ ቀና ስል ወገቤ የኔ አይመስለኝም፣ ገና አንድ እንጀራ ነው የወጣው፣ ሊጡ ሙሉ ባሊ ነው።

ጭሱ ዓይን አቃጥሎ ቢለቅ ኖሮ ባልጻፍኩ። የእንጨትም ሆነ የኩበት ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለበት። በእናትየዋ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚጫንበትን ቦታ ይይዛል፣ ለጽንሱ የሚደርሰው ያንሳል። በጭስ ውስጥ የሚውሉ እናቶች ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። እኛ ደግሞ ልጁ ሲያንስ "ቡዳ ነው" ወይም "አምሮቷን አላገኘችም" እንላለን።

መፍትሔው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ሚርት ምድጃ የሚባለውን የሲሚንቶ ምድጃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ምጣዱን ዙሪያውን ስለሚከበው እሳቱ በየጎኑ አይባክንም፣ ከጉልቻው ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል፣ ጭሱም ይቀንሳል። ባለቤቴ ገዝቶ አመጣው። ግን መሬት ላይ ቢቀመጥ ጎንበስ ማለቴ ያው ነው። ስለዚህ በብሎኬት ወገቤ ድረስ የሚደርስ መደብ ሠራና ምድጃውን እላዩ ላይ አስቀመጠው። አሁን ቆሜ እጋግራለሁ። ከጣሪያው ሥር ደግሞ ጭስ መውጫ ከፈተ። አከራያችን ግድግዳው ተቦረቦረ ብለው አጉረመረሙ፤ ባለቤታቸው መጥተው አንድ ጊዜ ቆመው ጋግረው ካዩ ወዲህ ግን ማጉረምረሙ ቆሟል።

ውኃውን ደግሞ ስሙኝ። በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። የሚወለደው ልጅ 3 ኪሎ ቢመዝን ነው፣ እሱን ተሸክሜ ስሄድ መንገደኛው ሁሉ "ማርያም ታቅልልሽ" ይለኛል፤ 20 ኪሎውን ጀሪካን አንጠልጥዬ ስሄድ ግን ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። አሁን ባለቤቴ ከጋራዡ የእጅ ጋሪ እያመጣ እሱ ነው የሚቀዳው። መጀመሪያ ቧንቧው ላይ ሲሰለፍ ተሳሳቁበት። ከሳቁት አንዱ ዛሬ ጋሪውን ይዋሰናል።

ስለ አምሮት ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል። ምን አማረሽ፣ ጥሬ ሥጋ ነው፣ ሎሚ ነው፣ አፈር ነው? ሌሊት ተኝተሽ አደርሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን አላገኘሁም። አፈር ማማር እንኳ የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለአዋላጇ መንገር ነው እንጂ ከየትኛው ኮረብታ ይምጣላት ተብሎ መማከር አልነበረበትም።

ደም ማነስ ካልኩ አይቀር፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጡን አይረን የሚባል ኪኒን አለ። በግቢያችን ቡና በቀን ሁለት ጊዜ ይፈላል፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም ሳይጠጣ አይነሳም። ሲኒ ይዤ ተቀምጬ "ኪኒንሽን በዚያው ዋጭው" ይሉኛል። ቡናም ሻይም አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። እኔ ማታ ልተኛ ስል በሎሚ ውኃ ነው የምውጠው፤ ሎሚው ያግዘዋል፣ ቡናውም ሩቅ ነው። ኪኒኑ ሰገራ ያጠቁራል፣ አንዳንዴም ያደርቃል። ብዙ ሴቶች በዚህ ፈርተው እንደሚተዉት አውቃለሁ። መጥቆሩ አያስፈራም። ድርቀቱ ሲበረታ ውኃና ጎመን ማብዛት፣ ካልሆነም አዋላጇን መጠየቅ።

ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ፍልሰታ እኛ ዘንድ ሕፃናት እንኳ የሚጾሙት ጾም ስለሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። "ጸሎቱን ያዥ፣ ጾሙን ወልደሽ ትደርሽበታለሽ" አሉኝ፣ በቃ አለቀ። የግቢው ዳኝነት ግን አላለቀም። የወተት ብርጭቆ እጄ ላይ ያየች ሁሉ መጀመሪያ ብርጭቆውን፣ ከዚያ ሆዴን፣ ከዚያ ሰማዩን ታያለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትለው ቀላል ነው። ነፍሰ ጡር ከወትሮው በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ፣ የምታጠባ ደግሞ ሁለት። ለእኔ ተጨማሪዋ ከሰዓት በኋላ የምበላት ናት፤ አንዳንዴ እንቁላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የተረፈች ሽሮ። ከባድ ነገር አይደለም፣ ግን ሰው ሳይመጣ ብቻዬን በላሁ ብላ የምትሸማቀቅ ሴት በየቤቱ አለች።

አሁን ትንሽ ጠንከር ልበል። ራሴን ሲያመኝ መልሱ አንድ ነው፣ ምች። ዳማከሴ ታሽቶ ይመጣል። ለጉንፋኑ ይሁን፣ ዳማከሴን አልሰድብም። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር እንደማይሆን ቀድመው የነገሩኝም እኚያው እማማ ናቸው፣ ስለዚህ የድሮ ሰው አያውቅም አልልም። ግን ወሩ ሲገፋ የሚመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ዓይን ብዥ ሲል፣ ፊትና እጅ ሲያብጥ፣ ምች አይደለም። የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፣ ሳይታይ ከዋለ እናትየዋን አንቀጥቅጦ ይጥላታል። ደም መፍሰስም እንደዚሁ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስም እንደዚሁ። በዚያ ሰዓት ቅጠል ከመፈለግ መኪና መፈለግ ነው። መንገድ በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ደግሞ መኪናውም የሰውየውም ስልክ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከገጠር ለሚመጡት በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ የሚባል አለ፤ ቀኑ ሲቃረብ ገብቶ መጠበቅ ነው፣ ምጥ መጥቶ ቃሬዛ ከመፈለግ ይሻላል።

ሌላው የአራስ ቤቱ ከሰል ነው። ደብረ ማርቆስ ብርዳም ናት፣ መስከረምም ቢሆን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በሩ ይዘጋል፣ መስኮቱ በጨርቅ ይወተፋል፣ ከሰል ተቀጣጥሎ አልጋው ሥር ይቀመጣል። ከሰል ጭስ ስለሌለው ንጹሕ ይመስላል። ያ ቅድም ያልኩት ጋዝ ግን ይወጣዋል፣ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ እናትና ልጅን ተኝተው ባሉበት ይወስዳል። እኔ ለአማቴም ለእናቴም ከአሁኑ ነግሬያለሁ። ብርድ ልብስ አምጡልኝ፣ ከሰሉ ለቡናው ውጭ ይቅር። ልጁ እንደተወለደ ቅቤ ይዋጥ የሚለውንም አንስተናል፣ እሱ ላይ ገና አልተስማማንም። አማቴ "እኔ ሁሉንም ልጆቼን ቅቤ አውጫለሁ፣ ባልሽም በልቶ ነው ያደገው" ይላሉ። እኔ ደግሞ የመጀመሪያዋ ቢጫ ወተት፣ እንገሯ፣ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትሰጠው፣ እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ውኃም አይግባ እላለሁ። ክርክሩ ይቀጥላል።

የሥራውን ነገር በአጭሩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለጃዋ ግምት ቀን በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበት ሰዓትም፣ የሐኪም ማስረጃ ካቀረበች፣ አይቆረጥባትም። የኔ አለቃ ይህን ሲሰሙ "ክረምቱን አርፈሽ የለም ወይ?" አሉኝ። አዎ፣ በምጣድ ፊት። ለአባትየው የተሰጠው ደግሞ 3 ቀን ነው። ሦስት ቀን ገንፎውን እንኳ በልቶ አይጨርስበትም። ሕጉን የሚያወጡት ሰዎች ዳይፐር ያልነበረበት ዘመን ጨርቅ ማን እንዳጠበላቸው ቢያስታውሱ ጥሩ ነበር።

እንግዲህ ከእናንተ የምፈልገው ይህ ነው። በሚቀጥለው ለነፍሰ ጡር ስትጽፉ ቀለሙን ተዉትና ማድ ቤቷን ጻፉ። ሚርት ምድጃ በየከተማው ማን እንደሚሠራው፣ ስንት እንደሚሸጥ፣ ደህናው ከማይረባው በምን እንደሚለይ ጠይቃችሁ አውጡ። ባሎችን አነጋግሩ፣ ጋሪ የሚገፉትንም የማይገፉትንም። ግቢ ውስጥ ነፍሰ ጡር ያላችሁ ሴቶችም፣ ለአራስ ቤት ተራ እንደምትከፋፈሉት ለውኃውና ለሊጡ ከስድስተኛው ወር ጀምራችሁ ተራ ተከፋፈሉ። እኛ ግቢ ተጀምሯል፣ የምን ሳቅ፣ እማማ ራሳቸው ትናንት አሻሮ ቆሉልኝ።

ደብዳቤዬን ካወጣችሁት ግን ከተቻለ ፊደሉን ተለቅ አድርጉልኝ። አማቴ መነጽራቸው ተሰብሯል፣ የከሰሉንና የቅቤውን ቦታ ራሳቸው እንዲያነቡት ነው የምፈልገው።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ማርቆስ