አብራሪ አልባ የመንገደኞች አውሮፕላንን በተመለከተ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የሥራ ኃላፊ፣

ባሕር ዳር በተካሄደው ስብሰባ ላይ «አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው በአብራሪ ስሕተት ስለሆነ አውሮፕላኑን ለማሽን መተው ይሻላል» ብለው ሲናገሩ እጄን አንሥቼ ነበር፤ ዕድል ግን አልተሰጠኝም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትሁ። ሁለቱም ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተው ቀሩ። በአካል ስመጣም «ጉዳዩ የባለሙያ ነው» ተብዬ ከበር ተመለስሁ። ስለዚህ ጥያቄዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣው ቦይንግ 737 መሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። ለመመለስ ሲሞክር ሁለቱም ሞተሮች ከዱት፤ አብራሪዎቹም ጎማ ሳይዘረጉ ሜዳ ላይ አሳረፉት፤ በእሳትም ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፣ 69ኙ ተረፉ። ያን ዕለት ወሬውን ሰምተን ወደ ሆስፒታል ከሮጥነው የከተማው ወጣቶች አንዱ ነበርሁ፤ በሕይወት የገቡትን ሰዎች ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ሞተር በሌለበት፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ የት መውረድ እንደሚሻል የወሰነው ሰው ነው። አብራሪ የሠራው ስሕተት በአደጋ መዝገብ ይጻፋል፤ አብራሪ በጊዜ ያረመው ብልሽት ግን አደጋ ሳይሆን ስለሚቀር የሚቆጥረው የለም። እርስዎ የጠቀሱት ይህን ግማሽ ሒሳብ ነው።

ማሽኑን አልንቅም፤ በጭጋግ ውስጥ አውሮፕላን ማሳረፍ ከቻለ ቆይቷል። ኤርባስም በ2020 እ.ኤ.አ. ኤ350 አውሮፕላኑ ራሱ እንዲነሣና እንዲያርፍ አድርጎ ሞክሯል፤ አብራሪዎቹ ግን ወንበራቸውን አልለቀቁም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰዎች ያለቁት ግን አንድ ሶፍትዌር ከአንዲት መለኪያ የመጣለትን የሐሰት ቁጥር አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ስለገፋው ነው። «አብራሪ እያለም አልዳነም» እንዳይሉኝ፤ አብራሪዎቹ እስከ መጨረሻው ይታገሉ የነበረው ያንኑ ሶፍትዌር ነው። እርሱን የሚታገል ሰው ከአውሮፕላኑ ውስጥ ሲወጣ ተሳፋሪው እንዴት ይበልጥ ይድናል?

መለኪያው ሲዋሽ ወይም ርግብ ሞተር ውስጥ ሲገባ ማን እንደሚወስንና ሰው ቢሞት ተጠያቂው ማን እንደሚሆን፣ በፊርማዎና በማኅተም የተደገፈ መልስ እጠብቃለሁ።

ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር፣
ባሕር ዳር፣ ጎጃም