በሕመሜ ጊዜ ከጎኔ ለቆማችሁ ሁሉ

በቅድሚያ ይህችን ቀን ላሳየኝ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው። ይህን መልእክት የምጽፈው በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ለምትገኙ ወዳጆቼ፣ ለጽዋ ማኅበራችን አባላት፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባና ከደሴ ሳትታክቱ ለጠየቃችሁኝ ዘመዶቼ ሲሆን፣ መልቲፕል ማይሎማ የተባለ የደም ካንሰር እንዳለብኝ ተረጋግጦ የመጀመሪያዎቹን የሕክምና ዙሮች ጨርሻለሁ። ብዙዎቻችሁ «ደም ማነስ ነው» የተባላችሁት ቤተሰቤ እኔንም እናንተንም ከድንጋጤ ለመጠበቅ ብሎ ነው፤ ነገር ግን ስሜን በጸሎት ስታነሡ የከረማችሁ ሰዎች ስለ ምን እንደምትጸልዩ ልታውቁ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በሽታው የሚነሳው ከአጥንት መቅኔ ነው። በመቅኔ ውስጥ አንቲቦዲ የተባለውን በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን የሚያመርቱ ፕላዝማ ሴሎች አሉ፤ እነዚህ ከሥርዓት ወጥተው ሲባዙ ለሰውነት የማይጠቅም ፕሮቲን ደም ውስጥ ይሞላል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ደም ያንሳል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። በእኔ ላይ አስቀድሞ የታየው የጀርባ ሕመም ነበር። አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከብኩ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ማንሳትና ማገላበጥ ያመጣው መሰለን፤ በአንድ ክሊኒክም «የዕድሜ ነው» ተብሎ ማስታገሻ ተሰጥቶኝ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ከሰው ሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው የቤተሰብ ሐኪሜን ነው። እርሷ የጀርባዬን ሕመም፣ የደሜን ማነስና የኩላሊቴን ውጤት ለየብቻ አላየቻቸውም፤ ሦስቱን አንድ ላይ አድርጋ አሰበችና በደም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን የሚለይ ምርመራ በዚያው ቀን አዘዘች፤ አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ኩላሊትን ስለሚጎዱ አስቆመችኝ፤ ውኃ እንዳበዛም አጥብቃ ነገረችኝ። በአሜሪካ ይህ በሽታ ጥቁሮችን ከነጮች በእጥፍ ያህል እንደሚይዝ የሰማሁትም ከእርሷ ነው። ጀርባው አልለቅ ያለው፣ በዚያም ላይ ድካምና ደም ማነስ የተደረበበት ሰው ካለ፣ ይህንኑ ምርመራ ሐኪሙን እንዲጠይቅ እለምናለሁ።

ናሙና ከመቅኔዬ የተወሰደበትን ቀን አልረሳውም። ከዳሌ በስተኋላ ባለው አጥንት ላይ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ማደንዘዣው ግን መቅኔው ሲሳብ የሚሰማውን አያስቀርም፣ ለጥቂት ሰከንዶች እስከ እግር የሚወርድ ሕመም አለው። የእኛው ልጅ የሆነች አንዲት ነርስ፣ በእኔ ላይ ሳትመደብ፣ ከሌላ ክፍል በዕረፍት ሰዓቷ መጥታ እጄን ያዘች። «አይዞዎት እማማ፣ አሁን ነው የሚስበው፣ ትንፋሽዎን ይልቀቁ» እያለች ቀድማ ስትነግረኝ፣ የሚመጣውን አውቄ ስለተቀበልኩት ቻልኩት። የእናትሽን ዕድሜ ያርዝምልሽ፣ ልጄ።

ለአስተርጓሚያችንም ባለዕዳ ነኝ። ሐኪሙ የሕክምናውን ዕቅድ ሲያስረዳ ወንድ ልጄ «ይድናል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ፣ በሽታውን ጨርሶ ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት ባይኖርም ለዓመታት ጸጥ ማሰኘት ይቻላል የሚል ነበር። አስተርጓሚው ለእኔ አዝኖ አላለሳለሰውም፣ አላከበደውምም፤ እንደተባለ አስተላለፈልኝ፣ እኔም የራሴን ጉዳይ በራሴ ወሰንኩ። ከምወስዳቸው መድኃኒቶች ውስጥ ቦርቴዞሚብ ለዚህ በሽታ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2003፣ ሌናሊዶማይድ በ2006፣ ዳራቱሙማብ ደግሞ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኔ ወጣትነት አንዳቸውም አልነበሩም፤ ስማቸውን የማላውቃቸውን ተመራማሪዎችና በራሳቸው ላይ እንዲሞከር የፈቀዱ ሕሙማንን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም።

አራተኛው ዴክሳሜታዞን ነው፤ በወሰድኩት ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አይዞርም። ይህን የሰማችው ታናሽ እህቴ በየሳምንቱ መድኃኒቱን የምወስድበትን ቀን ይዛ፣ እኔ ዘንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ እርሷ ዘንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ከአዲስ አበባ ትደውልልኛለች። ቡናዋን ስታፈላ ስልኩን ጀበናው አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ ስለ ሕመም አታነሳም፣ የሰፈሩን ወሬ፣ የጎረቤቱን ሠርግ፣ የጤፉን ዋጋ ትነግረኛለች፤ ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ እኔ ጋ ሊነጋ ይቃረባል። ይህን ውለታ በምን እንደምከፍለው አላውቅም።

ሴት ልጄ የየዕለቱን ክኒን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን አስፕሪንና አልማዝ ባለጭራ እንዳይወጣብኝ የታዘዘውን ጭምር፣ በሰዓት በሰዓቱ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋለች፤ የጣቶቼን መደንዘዝም እየጠየቀች ለሐኪሙ ትመዘግባለች። የማኅበራችን እኅቶችና ወንድሞች ተራ ገብታችሁ ለመርፌ አመላልሳችሁኛል፣ አጥሚቱንና ሾርባውን ከደጄ አላጠፋችሁም። የአጥንት ማጠንከሪያው መድኃኒት ሊጀመር ጥርስ መታየት ግዴታ ሲሆንብኝ በቅዳሜ ቀን ክሊኒኩን ለከፈተልኝ የጥርስ ሐኪም፣ የኢንሹራንሱን ወረቀት ላስጨረሰችልኝ ሶሻል ወርከር ምስጋናዬ የላቀ ነው። የንስሐ አባቴም ዐቢይ ጾም ሲገባ ስጨነቅ አይተው «መድኃኒቱን ከምግብ ጋር ውሰጂ፣ ለታመመ ሰው ጾም አይጸናበትም» ብለው ከልቤ ሸክም አንሥተውልኛል። ዳማከሴና ጥቁር አዝሙድ ይዛችሁ የመጣችሁም ፍቅራችሁ ገብቶኛል፤ ያስቀመጥኩት ከመድኃኒቶቹ ጋር እንዳይጋጭ ፋርማሲስቷ ሳታየው እንዳልወስድ ስለታዘዝኩ ነው።

አሁን በደሜ ውስጥ ያለው መጥፎ ፕሮቲን በእጅጉ ቀንሷል፣ ኩላሊቴም እያገገመ ነው። ቀጣዩ የራሴ ስቴም ሴል (ደም የሚያመርተው እናት ሴል) ተሰብስቦ፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ሜልፋላን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ከተሰጠኝ በኋላ መልሶ የሚሰጠኝ ሕክምና ነው። በዚያን ጊዜ ሰውነቴ ተሕዋስያንን የመከላከል አቅም ስለማይኖረው፣ ለጥየቃ መምጣት ልማዳችን መሆኑን እያወቅሁ፣ ሆስፒታል እንዳትመጡ፣ አበባም እንዳትልኩ በትሕትና እጠይቃለሁ። በስልክ ከሆነ ልጄ ደኅንነቴን ትነግራችኋለች፤ ወደ ቤት ስመለስና ሐኪሞቹ ሲፈቅዱ ለማኅበሩ አስታውቃለሁ።

እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

አክባሪ እኅታችሁ