ንቦቹን ፍለጋ፦ የኤሌክትሮኒክስ ክበብ ዓመት

ጥቅምት ላይ ስንጀምር 23 ነበርን፤ ሰኔ ላይ 11 ሆንን። ትተውን የሄዱት ሰነፎች አይደሉም። ብዙዎቹ የተመዘገቡት ሚኒ ሚዲያ እንዳለው ዓይነት ሞንታርቦ እንሠራለን ብለው ነው። እኛ የሠራነው ግን ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚገባ የድምፅ ማጉያ ነው። ጉልበቱ ከ1 ዋት በታች።

የመረጥነው ኤልኤም386 የሚባለውን አይሲ ነው፤ አይሲ ማለት ብዙ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች አንድ ላይ የታሸጉበት ትንሽ ዕቃ ነው። 8 እግር አለው፣ በ9 ቮልት ይሠራል፣ ዙሪያውን ጥቂት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም) እና ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ) ይበቃዋል። እንዳለ ሲተው የገባለትን ድምፅ 20 ጊዜ ያጎላል። 1ኛውና 8ኛው እግር መካከል ባለ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከገባ ደግሞ 200 ጊዜ። ልጆቹ 200ን መረጡ። 200 እያለ ማን 20 ይመርጣል? በኋላ ዋጋችንን አግኝተናል።

አይሲዎቹን መርካቶ ገዛን። ሌላውን ከተበላሹ ሬዲዮኖችና ቴፖች ነቀልን። «ከቤት የማይሠራ ዕቃ አምጡ» ብዬ ነበር። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ደህና ሬዲዮ ይዛ መጣች፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስፒከሩን አወጣነው። በማግስቱ አባቷ መጡ። ለካ ሬዲዮው ይሠራ ነበር! መልሰን ገጠምነው። ተመስገን፣ አሁንም ይሠራል።

ዕቃዎቹ የሚበየዱበትን ቦርድ የሳልነው በኪካድ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ዣን-ፒየር ሻራስ የተባሉ ፈረንሳዊ የጀመሩት ነፃ ሶፍትዌር ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለእኛ ትልቁ ነገር እሱ ነው። የሳልነውን በሌዘር ፕሪንተር በሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ላይ እናትማለን። ወረቀቱን መዳብ በተለበጠው ቦርድ ላይ ደፍተን በካውያ እንተኩሰዋለን። ቀለሙ መዳቡ ላይ ይቀራል። ከዚያ ቦርዱ ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ይነከራል፤ ፈሳሹ ያልተሸፈነውን መዳብ በልቶ መስመሮቹን ብቻ ይተዋል። ያለፈው ዓመት የዚህ መጽሔት ትርፍ ኮፒዎች የት ገቡ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ መልሱ ይኸው።

የኬሚስትሪ መምህራችን ሁለት ነገር አስምለውናል፦ ፈሳሹን በብረት ዕቃ እንዳናደርግ፣ የተጠቀምንበትንም ወደ ቦይ እንዳንደፋ። መዳብ የሟሟበት ውሃ ወንዝ ከገባ ለዓሣ መርዝ ነው። መሐላችንን ጠብቀናል። ዩኒፎርም ላይ የተንጠባጠበውን ግን ምንም ሳሙና አላስለቀቀውም፤ እናቶችን ይቅርታ እንጠይቃለን።

የመጀመሪያው ቦርድ ግልብጥ ሆኖ ወጣ። ወረቀቱ ሲደፋ ሥዕሉም አብሮ ይገለበጣል፤ እኛ ስናትም አንዴ ገልብጠነው ስለነበር ግራው ቀኝ ሆነ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አይሲውን በጀርባው አስተኝቶ፣ እግሮቹን ወደ ኋላ አጥፎ በየደው። የተገለበጠ ጥንዚዛ መሰለ። ግን ድምፅ አወጣ!

ሁለተኛው በትክክል ወጣ። አዳፕተሩን ሰካን፤ ስፒከሩ ውስጥ አንድ ቀፎ ንብ ገባ። እምምምም። ድምፁን ከፍ ስናደርገው ደግሞ ፉጨት። የወረዳውን ውሻ ሁሉ የሚጠራ ፉጨት። ሥዕሉን ደጋግመን አየን፤ ልክ ነው። ብየዳውን እንደገና ሠራን፤ እሱም ልክ ነው። ሦስት ረቡዕ እንዲህ አለፈ። ከሄዱት ልጆች የሚበዙት የሄዱት ያኔ ነው።

በአራተኛው ረቡዕ መብራት ጠፋ። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብለን 6 የባትሪ ድንጋይ አያያዝንና 9 ቮልት ሠራን። ንቦቹ የሉም። «ቲቸር፣ መብራት ሲጠፋ ተሠራ!» አለ አንዱ። ፉጨቱ ግን አለ። ሁለት በሽታ እንደነበረብን የገባን ያን ጊዜ ነው።

ንቦቹ የመጡት ከአዳፕተሩ ነው። የግድግዳው መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። አዳፕተሩ ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲቀይረው በሰከንድ 100 ትርታ ይተዋል። ያ ትርታ የሚመለሰው የማይክሮፎኑ ድምፅ በሚመለስበት በዚያው የግራውንድ መስመር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ሁሉ ወደ ምንጩ በሚመለስበት የጋራ መስመር ነበር። የስፒከሩም እንዲሁ። እንቁላል የያዘ ልጅና የጭነት መኪና በአንድ ቀጭን መንገድ ሰደድን ማለት ነው። ሥዕሉ ላይ ግራውንድ ሁሉ አንድ ነው፤ መዳቡ ላይ ግን እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ኤሌክትሪኩን የሚገታበት የራሱ ሬዚስታንስ አለው።

«ይቺ ምን ታመጣለች?» የሚል ስለነበረ ሰሌዳው ላይ አሰላነው። መስመራችን 10 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ 1 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ የመዳቡ ውፍረት 35 ማይክሮን ነው። ሬዚስታንሱ 0.05 ኦም ገደማ ይመጣል። ኢምንት። የስፒከሩ 0.3 አምፒር ሲያልፍበት ግን 15 ሚሊቮልት ይፈጥራል። በ200 ስናበዛው 3 ቮልት። ያሰላችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስላላመነች ሦስት ጊዜ ደገመችው። ማጉያው የራሱን ድምፅ መልሶ እየዋጠ ነበር የሚያፏጨው።

ለሦስተኛው ቦርድ አንድ ወር ሙሉ ሳልን፤ ብየዳው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ፈጀ። የማይክሮፎኑ ግራውንድ ለብቻው፣ የስፒከሩ ለብቻው ወፍሮ፣ ሁለቱም የሚገናኙት ትልቁ ካፓሲተር እግር ላይ ብቻ። ባለ 100 ናኖፋራዱን ካፓሲተር አይሲው ሥር አስጠጋነው። ፉጨት እንዳይነሳ ስፒከሩ ጋ የሚገቡትን ባለ 10 ኦም ሬዚስተርና ባለ 0.05 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርም መለስናቸው። መጀመሪያ «ቦታ ይፈጃሉ» ብለን የጣልናቸው እኛው ነን፤ እኔም ፈቅጄ ነበር። 200ውን እናስወግድ ስል ግን እሺ አላሉኝም። ማብሪያ ማጥፊያ ገጥመውለት ታረቅን።

አዳፕተሩን ሰካን። ጆሯችንን ስፒከሩ ላይ እየለጠፍን ተራ በተራ ሰማን። ምንም የለም። ምንም ላለመስማት የተሰለፈ ተማሪ ስመለከት የመጀመሪያዬ ነው።

በወላጆች በዓል ጠረጴዛችን ከሞንታርቦው አጠገብ ስለተመደበ የእኛን የሰማው ሰው ጥቂት ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ቲዲኤ2030 የሚባለውን ሌላ የማጉያ አይሲ አስበናል፤ እሱ ከ10 ዋት በላይ ይሰጣል፤ ሙቀቱን የሚያወጣለት አሉሚኒየም ግን ይፈልጋል። የ0.8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያዎቻችን ሁሉም ተሰብረዋል። የተበላሸ ስፒከር፣ አሮጌ አዳፕተር፣ የሞተ ቴፕ ያላችሁ ወላጆች በልጆቻችሁ ብትልኩልን ደስ ይለናል። እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት ግን ሰክታችሁ ሞክሩት።