ጥርስህ የተሸረፈው ወድቀህ አይደለም

ልጄ፣

ትናንት ማታ እህትህ ደወለች። ታናሽህን መትተህ ከንፈሩን አድምተኸዋል። ከዚያ ወዲህ በር ዘግተህ ተቀምጠሃል፤ «አውሬ ያደረገኝ ይሄ የሚጥል በሽታ ኪኒን ነው» ብለህም መዋጥ ትተሃል። መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ! አሁኑኑ ሐኪምህ ጋ ደውል። ስንት ቀን እንደዘለልክ አትደብቀው። ያለፈህንም ደራርበህ እንዳትውጠው።

ስለ ኪኒኑ ልክ ልትሆን ትችላለህ። ይሄ የምትውጠው ሌቬቲራሴታም አንዳንዱን ሰው ቁጡ ያደርጋል። ግን የሚቀይረው ሐኪሙ ነው፣ ቀስ በቀስ። በድንገት ከተውከው የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣብህ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ይገድላል።

እህትህን አፋጥጬ ጠየቅኳት። መቼ መታው? ጥሎህ ገና ስትነሳ። ማን ይዞህ ነበር? እሱው፣ ከኋላ ጥፍንግ አድርጎ። በል እንግዲህ! በዚያ ሰዓት የት እንዳለህ አታውቅም፤ የያዘህን ሁሉ ትታገላለህ። አስቦ፣ ሰው መርጦ መምታት በዚያን ጊዜ እጅግ ብርቅ ነው። ባለፈው ወር ሳህን ስትወረውር ግን ጥሎህ አልነበረም። እሱን በበሽታው አታሳብብ። እሱንም ለሐኪሙ ንገረው።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። የአንጎልህ ዕጢ በቀዶ ጥገና በወጣ በአራተኛው ወር፣ ያቺ መጀመሪያ የጣለህ ሌሊት። ሐኪሙ ጠባሳው ሊያንቀጠቅጠው ይችላል ብሎኝ ነበር። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ሲጥልህ ማንኪያ አፍህ ውስጥ ልክተት ታገልኩ። የፊት ጥርስህን የሸረፍኩት እኔ ነኝ። ስትነቃ ሁለት እጅህን ጨምድጄ ያዝኩ፣ ደረቴን መታኸኝ፣ እኔም በጥፊ አልኩህ። ጠዋት ምንም አታስታውስም። ወድቀህ ነው አልኩህ። ለዘመድ ሁሉ ደግሞ «ልጄ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ተደባዳቢ ሆነብኝ» እያልኩ አወራሁ። አውሬነትህን ከኔ አፍ ነው የሰማኸው፣ ሆዴ።

ለወንድምህ ይሄን አንብብለት። ሲጥልህ አይያዝህ። አጠገብህ ያለውን ስለታም ነገር ያንሳ፣ በጎንህ ያስተኛህ፣ አፍህ ውስጥ ምንም አይክተት። ሰዓት ይይ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ይጥራ። ስትነቃ ራቅ ብሎ በቀስታ ያናግርህ። አንተም መታጠቢያ ቤት ስትገባ በሩን አትቆልፍ። እንቅልፍህን ተኛ። መጠጥ ይቅርብህ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። የጥርስ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን፣ ከፋይዋ እኔ ነኝ። እስከዚያ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ። ሐኪሙን እንዳናገርከው ደውለህ ንገረኝ፤ ስልኩን ይዤ ነው የምጠብቀው።

እናትህ