የወንድሜ እግር ለምን እንደማያርፍ ለጠየቀችው ሲስተር፦ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንድሜ ወደ ሥራው ተመልሷል። ያሳለፍነውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አልደግመውም። ይህን የምጽፈውም እሱ ራሱ አንብቦ «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተዪው» ስላለኝ ነው።

ከአማኑኤል ሆስፒታል፣ ከተመላላሽ ክፍሏ ሲስተር ልጀምር። እሷም ስሟ እንዲጠራ አልፈለገችም።

እሷ ጋ ስንደርስ ወንድሜ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶት ነበር። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሳል። ሌሊቱን ከሳሎን ጓዳ ሲመላለስ ያነጋል። ከዚያ በፊት የታየበት ቦታ «ሕመሙ ብሶበታል» ብለው የሚወስደውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት፣ የሃሎፔሪዶሉን መጠን ጨመሩለት። ጭራሽ ባሰው።

ሲስተር እኛን ከመጠየቋ በፊት እሱን ጠየቀችው። «በጆሮህ የምትሰማው ድምፅ ነው ተነስ የሚልህ ወይስ ሰውነትህ ነው አልቀመጥ ያለው?» አለችው። ወንድሜ ቀና ብሎ አያት። «ድምፁማ ቀንሷል። እግሬን ጉንዳን የወረረኝ ይመስለኛል፤ ስራመድ ትንሽ ይተወኛል» አላት። እናቴ እዚያው ማልቀስ ጀመረች። ልጇ እንዲህ አስረድቶ ሲናገር ከሰማች ቆይታለች።

አካቲዥያ ይባላል። መድኃኒቱ የሚያመጣው እረፍት ማጣት ነው። ሲያዩት ሕመሙ ያገረሸ ስለሚመስል መጠን ይጨመርለታል፤ መጠኑ ሲጨመር ደግሞ እሱም ይብሳል። ሲስተር ለእናቴ በቀላሉ አስረዳቻት። እነዚህ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ነገር ሥራ ይቀንሳሉ። ድምፁና ጥርጣሬው የሚረግበው በዚያ ነው። ግን እንቅስቃሴያችንን የሚያስተካክለውም ያው ዶፓሚን ነው።

ከዚያ ጫማውንና ካልሲውን አስወልቃ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ ወንድሜ። አፍህን ክፈት። ምላስህን አውጣ። በአውራ ጣትህ ሌሎቹን ጣቶች በየተራ ቶሎ ቶሎ ንካ።» ክንዱን እያጠፈች እየዘረጋች ጡንቻው መገተሩን አየች። ወዲያ ወዲህ አራመደችው። እያንዳንዱን ከ0 እስከ 4 ነጥብ እየሰጠች ቅጽ ላይ ሞላች። አልቸኮለችም። በር ላይ የነበረውን ሰልፍ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

መጀመሪያ ሰሞን አንገቱ ወደ ጎን ተጠምዝዞ ሰፈሩን ሁሉ ያስደነገጠውም የመድኃኒቱ ነበር። ዲስቶኒያ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፣ በመርፌ ቶሎ ይፈታል። ስንቱ ሰው ሌላ ትርጉም ሰጥቶት ነበር! «አርቴን የሚባለውን ኪኒን እንስጠው?» ብዬ ጠየቅኳት። አርቴን ለመገተርና ለመንቀጥቀጥ እንደሚረዳ፣ ከወራትና ከዓመታት በኋላ አፍና ምላስ ላይ ለሚመጣው ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ (ታርዲቭ ዲስኪኔዥያ) ግን እንደማይጠቅም፣ ሊያብሰውም እንደሚችል ነገረችኝ። ይህ የአፍና የምላስ እንቅስቃሴ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ሳይጠፋ ሊቆይ ስለሚችል ምላሱን በየጊዜው የምታየው ለዚያ ነው።

ዶክተራችን፣ እርስዎንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሃሎፔሪዶሉን ቀስ በቀስ ቀንሰው ወደ ኦላንዛፒን ቀየሩለት፤ ለእረፍት ማጣቱም ለደም ግፊት የሚሰጠውን ፕሮፕራኖሎልን ጨመሩ። እናቴ «ልጄ ግፊት የለበትም እኮ!» ስትል ሳይሰለቹ አስረዷት። አዲሱ መድኃኒት ክብደትና ስኳር ሊጨምር እንደሚችል ቀድመው ነግረውን፣ አሁንም ያስለኩታል። ለወንድሜ የሚሆነውን ከእሱ ጋር ተመካክረው መረጡ። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ እሁድ ወንድሜ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጦ ቡና ጠጣ። እግሩን አየሁት። ዝም ብሏል። እናቴ ስኒውን ስትቀበለው እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ እንባዬ ይቀድመኛል።

ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቤተሰብ «አርፈህ ተቀመጥ» እያለ የሚቆጣው ስንት ልጅ አለ! መቀመጥ ስላልፈለገ ሳይሆን ስላልቻለ ነው። ብዙ ሰው መድኃኒቱን በራሱ የሚያቆመውም በዚህ ጭንቅ የተነሳ ይመስለኛል። እንዲህ ያለ ሰው ያላችሁ እባካችሁ አታቋርጡበት፣ ሐኪሙ ጋ ውሰዱት፣ እግሩ ምን እንደሚሰማው እሱ ራሱ ይናገር።

«ጠበሉንም ጠጣ፣ ኪኒኑንም ዋጥ» ያሉን የንስሐ አባታችን፣ እድሜ ይስጥልን። ጋራዥ ያለህ አጎታችን፣ የሥራ ቦታውን ጠብቀህ ስላቆየህለት፣ በግማሽ ቀንም ስለጀመርክለት ውለታህ አለብን። መድኃኒቱ ሲጠፋ እየደወላችሁ ያፈላለጋችሁልን ፋርማሲስቶች፣ ጎረቤቶች፣ የዕድራችን አባላት፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ ባህር ማዶ ያላችሁ ዘመዶች፣ ሁላችሁንም እናመሰግናለን።

ስማችሁን ወይም ውለታችሁን ያላነሳሁ ብዙ ናችሁ። በተለይ ሌሊት መኪና ይዛችሁ የመጣችሁ፤ በዚያ ግርግር ማን እንደነበራችሁ እንኳን በደንብ አላየሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ። ቤታችን ክፍት ነው፣ መጥታችሁ ራሳችሁን አሳውቁን፤ እናቴ ቡና ታፈላላችኋለች። እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን።

እህቱ፣ ከአዲስ አበባ