ጃኬቱ መቀመጫ አይደለም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሐዋሳ ከገባሁ 31 ዓመት ሆነኝ። ስመጣ «አዋሳ» ነበር የምንላት፤ አሁንም አንዳንዴ ታመልጠኛለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ እንግዳ መቀበል ነው። ዘመዶቼ ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው። 275 ኪሎ ሜትሩ ምንም አይመስላቸውም፤ ሐሙስ ይደውሉና ዓርብ ማታ ከች ይላሉ። የሚያምራቸውም ያው ነው፤ አሳ፣ ጀልባ፣ ጉማሬ።

ባለፈው ወር የመጣችው ታላቅ እህቴ ናት። እታለም ነው የምላት። ሁለት የልጅ ልጆቿን ይዛ መጣች። እታለም 70 አልፏታል፤ ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። በማግስቱ በጠዋት አሞራ ገደል ወሰድኳቸው። ያንን ቦታ ስንት ጊዜ ባየው አይሰለቸኝም። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ዘርግተው ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ያራግፋሉ። ልጆች በትንሽ ቢላ ቅርፊቱን ይፍቃሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ራሰ በራቸውን ቀልሰው፣ እንደ ለቀስተኛ ተደርድረው፣ አንጀቱ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። እታለም ትንሽ አየቻቸውና «እነዚህስ የወር ደመወዝ አላቸው?» አለች። ልጆቹ ጥሬ አሳ በዳጣ ቀመሱ። እሷ ሾርባውን መረጠች፤ ሁለት ሳህን ጠጣች።

እስከዚህ ድረስ ሁሉ ሰላም ነበር።

ከዚያ ጀልባ ተከራየን። ዋጋው የተጻፈበት ቦታ የለም፤ የሰው ፊት እያዩ ነው የሚጠሩት። ተከራክሬ ተስማማን። ተሳፍረን እታለም «ወንበሩ እንዴት ይመቻል!» ስትል ጎንበስ ብዬ አየሁ። ላይፍ ጃኬት ነው! ብርቱካንማ ቀለሙ በፀሐይ ነጥቷል፤ አንዱ ጥግ ተቀዶ ስፖንጁ ወጥቷል። አራት ነበሩ፤ አራቱም ተነጥፈዋል።

«ልጄ፣ ይኼ የሚለበስ አይደለም እንዴ?» አልኩት ባለ ጀልባውን።

«አይዞሽ ማዘር፣ እንጨቱ እንዳይቆረቁራችሁ ብዬ ነው» አለኝ።

ከልቡ ነው፤ ተንኮል የለበትም። ለልጆቹ ላልብሳቸው ብል የሦስቱ ማሰሪያ ተበጥሷል። የአራተኛው በሲባጎ ተቀጥሏል። ትልቁ ልጅ ደግሞ «ይኼን ለብሼ ፎቶ አልነሳም» ብሎ አኮረፈ። እንግዲህ ጥፋቱ የባለ ጀልባው ብቻ ነው ለማለት አፌን ሞልቼ አልናገርም።

ሐይቃችን ከመንገድ ሲያዩት የዋህ ይመስላል። ጥልቀቱ ግን እስከ 22 ሜትር ይደርሳል፤ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ቢገባበት ጣሪያው አይታይም። ጠዋት መስታወት መስሎ የዋለው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሌላ ሐይቅ ይሆናል። ጉማሬዎቹ ዘንድ ስንደርስ ባለ ጀልባው ለፎቶ ብሎ ጠጋ፣ አሁንም ጠጋ አደረገን። ጆሮና ዓይን ብቻ ነበር የሚታየው። ከዚያ ጠለቀ። ጉማሬ ከጠለቀ በኋላ የት እንደሚወጣ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው። እታለም ነጠላዋን ጨብጣ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። እኔም ለእንግዶቼ አይዞን እያልኩ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። «በቃ፣ መልሰን!» አልኩት። መለሰን።

ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቃችን ዳርቻ ደግሞ ትንሹ ልጅ ጫማውን አውልቆ እግሩን ሊነክር ሮጠ። ሮጬ ያዝኩት። በዚህ ዕድሜዬ! አጠገባችን የነበሩ ሰዎች እንደ ክፉ አያት አዩኝ። ምክንያቱን ለማያውቅ ልንገር፤ የሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ። ትሉ ዳር ዳር ካሉት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይወጣና ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ ገብቶ መቆም ይበቃዋል። መድኃኒት አለው። ግን እንግዳው ቤቱ ገብቶ ሲከርም ቢያመው፣ ያቺን አስር ደቂቃ ከየት ያስታውሳታል?

በሚቀጥለው ቀን ላንጋኖ ሄድን። እዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ውሃው ቡናማ ነው፤ ክረምት የወረደ ጎርፍ ይመስላል። ልጆቹ «ቆሻሻ ነው» ብለው አንገባም አሉ። ቀለሙ ግን ከደለሉ ነው። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው እየተባለ ሰው ስንት ዘመን የዋኘበት ሐይቅ ነው። ጥርት ያለውን ተከልክለው፣ የደፈረሰው ውስጥ ግቡ ሲባሉ ልጆቹ እኔን ነው የጠረጠሩኝ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሻላ ደግሞ 266 ሜትር ይጠልቃል፤ ዳሩ ላይ እጅ የማያስነካ ፍል ውሃ አለው። ጎረቤቱ አብያታ ጥልቀት የለውም፤ ውሃው እየሸሸ የተወው ዳር ደረቅ መሬት መስሎ መኪና ይይዛል። ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ለእታለም ጉልበት ነበር የሄድነው፤ በዚያ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ይኼ ሁሉ ውሃ ከሐዋሳ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጠባዩ ግን ለየቅል ነው። እኔ ቤት ያላደረ እንግዳ ይኼን ከማን ይስማ? የምለምነው አንድ ሰሌዳ ነው። ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ይተከል፤ በሲዳምኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በእንግሊዝኛ። የሰዓት ዋጋው ይጻፍበት። አንድ ጀልባ ስንት ሰው እንደሚይዝ፣ ላይፍ ጃኬት ያልለበሰ እንደማይሳፈር፣ ከጉማሬ ምን ያህል እንደሚራቅ፣ ዳር ላይ እግር እንደማይነከር ይጻፍበት። ሥዕልም ይኑረው፤ እንደ እታለም መነጽሩን ቤት የሚረሳ ብዙ ነው። ቦታ ከተረፈ ደግሞ «ባጃጅ እዚህ አይታጠብም» ይባልልኝ። የጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባ ሳሙና እዚያው ነው የሚቀረው።

ሰሌዳው እስኪመጣ እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። እንግዶቼን ከሸኘሁ በኋላ ወደ መሳፈሪያው ተመለስኩ። ባለ ጀልባው ልጅ አልረሳኝም፤ «ማዘር፣ ለጉማሬው መጣሽ?» ብሎ ሳቀ። አራቱን ጃኬቶች ቤት ወስጄ ማሰሪያቸውን በወፍራም ክር ሰፋሁ። የተቀደደውንም ጣፍኩት። ስመልስለት ጉልበቴን ሊስም ምንም አልቀረው።

ባለፈው እሑድ በዚያ ሳልፍ ጀልባው ሰው ጭኖ ሲነሳ አየሁ። ጃኬቶቹ ታጥበው አዲስ መስለዋል። ሰዎቹም ተመቻችተው ተቀምጠውባቸዋል።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛዋ አንባቢያችሁ
ከሐዋሳ